«ወደቅኩ! ጥላችሁኝ አትሂዱ!»

የዛሬው ደብዳቤ ከአራት ኪሎ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«24 ዓመቴ ነው። ግንፍሌ አካባቢ ከአባቴ፣ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፤ 11ኛ ክፍል ነው። ስልኩ ላይ ኮል ኦፍ ዱቲ የሚባል የጦርነት ጌም ይጫወታል። አብረውት የሚጫወቱት ሦስት ጓደኞቹ ናቸው። ድሮ ዶሮ ማነቂያ ነበሩ፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አራብሳ ገቡ። ማታ ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ይጮኻሉ። ከክፍሉ 5ኛ ይወጣ የነበረው ልጅ 14ኛ ወጣ።

አባዬ ወታደር ነበር። በ1991 ፆረና ግንባር ነበር። ስለዚያ ጊዜ አያወራም። ለአዲስ ዓመት ርችት ሲተኮስ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ እኛም ለምደነዋል። ስለ ጌሙ ግን ዓመት ሙሉ ምንም ብሎ አያውቅም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ወንድሜ ሳሎን ሆኖ ‹ወደቅኩ! ወደቅኩ! ጥላችሁኝ አትሂዱ!› ብሎ ጮኸ። አባዬ ከመኝታ ቤት ወጣ። ስልኩን ከእጁ ነጥቆ ግድግዳው ላይ ወረወረው። አንድ ቃል አልተናገረም። እስኪነጋ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አደረ።

ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ወንድሜ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የክፍል ጓደኛው ቤት እየሄደ በእሱ ስልክ ይጫወታል፤ አምሽቶ ይገባል። እማዬ ‹ጌሙ ሰይጣን አለበት፣ ጠበል ልውሰደው› ትላለች። እኔ ስልኩን ላሠራለት ወይስ ይቅርበት? ሱሰኛ ሆኖ ይሆን? ሰው የሚጎዳ ልጅ እንዳይሆንብንም እፈራለሁ።

እህቱ ነኝ፣ ከአራት ኪሎ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ሁሉ ስለ ወንድምሽ ነው። የኔ ዓይን ግን በረንዳው ላይ ቀረ። ስልክ ሰብሮ፣ ቃል ሳይወጣው፣ እስኪነጋ ብርድ ላይ የሚቀመጥ ሰው ልጁ ላይ ተናዶ አይመስለኝም። ቢናደድ ይጮህ ነበር። «ተነሥና አጥና!» ይል ነበር። ጠዋት ላይም ይበርድለት ነበር።

ነገሩን አንቺው ራስሽ ጽፈሽዋል። አባትሽ ዓመት ሙሉ ምንም አላሉም። ዓመት ሙሉ ከሳሎን የመትረየስ ድምፅ ሲመጣ ሰምተዋል፤ ቦምብ ሲፈነዳ ሰምተዋል። ታዲያ ያን ማታ ምን አዲስ ነገር መጣ? ተኩሱማ ያው ነው። አዲሱ ቃሉ ነው። ልጃቸው፣ ጎርነን ባለው አዲሱ የጎረምሳ ድምፁ፣ በጨለማ ውስጥ፣ «ወደቅኩ፣ ጥላችሁኝ አትሂዱ» ሲል ሰሙ።

ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ከኤርትራ ጋር በቆየው ጦርነት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አልቀዋል። በመጋቢት 1991 ፆረና ላይ የተደረገው ውጊያ ከከባዶቹ አንዱ ነበር። አባትሽ ያኔ ምናልባት ባንቺ ዕድሜ ነበሩ። ያን ቃል ከማን አፍ እንደሰሙት፣ ከዚያ በኋላ የሆነውንም፣ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ የማውቀው ጦርነት ያየ ሰው ዓመታት ካለፉ በኋላም በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ሽታ፣ በአንድ ቃል ወደዚያው ቦታ ሊመለስ እንደሚችል ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ሳሎን ውስጥ አይደለም። ግድግዳው ላይ የወረወረውም የልጁን ስልክ መሆኑን የሚያስተውለው በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ወንድምሽ ምን እያለ እንደነበር ልንገርሽ። ይህን ሳታውቂ ሁለቱን ለማነጋገር ብትሞክሪ መሐል ላይ ትቀሪያለሽ።

ኮል ኦፍ ዱቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የኮምፒውተር ጌም ሆኖ ነው የጀመረው፤ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ልጆቻችን በስልክ የሚጫወቱት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የወጣውን ነው። ማውረዱ ነጻ ነው። ገንዘብ የሚያስወጣው የወታደሩ ልብስና የመሣሪያው ማስጌጫ ነው። አምስት ለአምስት የሚገጠም አጭር አጨዋወት አለው። ሌላው 100 ሰው ከአውሮፕላን ዘሎ ደሴት ላይ የሚወርድበት ነው። መሣሪያ ፈልጎ ያነሣል። መጫወቻው ክልል እየጠበበ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የቀረው ቡድን ያሸንፋል። ወንድምሽ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ነው ካልሽኝ፣ ይህንኛውን ነው በአራት ሰው ስኳድ የሚጫወቱት። አንዱ ዙር 20 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። መሐል ላይ ማቆም የሚባል ነገር የለም። ይህን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔ ይህን ያወቅሁት አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ካዛንቺስ ነበሩ፤ አሁን ገላን ጉራ ናቸው። አንድ እሁድ ቡና ተፈልቶ እሱ ጥግ ይዞ ሲጮህ፣ ስኒዬን ይዤ አጠገቡ ሄድኩ። «ምን እየሆንክ ነው?» አልኩት። ምንም ሳይል አንዱን ኢርፎን ከጆሮው አውጥቶ ሰጠኝ።

ተኩስ እሰማለሁ ብዬ ነበር። የሰማሁት «እናትህ ተሻላት?» የሚል የልጅ ድምፅ ነው። ሌላኛው፣ «ሆስፒታል አድራለች፣ ነገ ትወጣለች» አለ። ሦስተኛው፣ «እኛ ጋ ውሃ ከሄደ አራት ቀኑ» አለ። ገና አውሮፕላኑ ላይ ናቸው። ከዚያ ዘለሉ፤ ወሬው ተቆረጠ። «ቀኝ፣ ቀኝ! ጣሪያው ላይ አለ!» ብቻ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የእህቴ ልጅ ተመታ። ወታደሩ በጉልበቱ መዳህ ጀመረ። አንድ መስመር እያጠረ፣ እያጠረ ይሄዳል፤ እሱ ሲያልቅ ሰውየው ይሞታል። ልጁ «ወደቅኩ!» ብሎ ጮኸ።

እናቱ ሆስፒታል የተኛችው ልጅ ከተደበቀበት ወጥቶ ሮጠ። እየተተኮሰበት ደረሰ። ጎንበስ አለ። ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ቀስ እያለ ይሞላል። ሰከንዶች ናቸው፤ ግን የሚያነሣው ልጅ ያን ጊዜ መተኮስም አይችልም፣ መሸሽም አይችልም። «ቆይ፣ አትንቀሳቀስ፣ አለሁ» ይለዋል። የእህቴ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። እኔም ስኒዬን እንደያዝኩ ነኝ። ክቡ ሞላ፤ ተነሣ።

ካልደረሱለት ይሞታል። ያኔም ቢሆን ጓደኞቹ የጣለውን የአንገት መታወቂያ አንሥተው ምልክት ያለበት ቦታ ካደረሱ፣ አውሮፕላን መልሶ ያመጣዋል። ያን ቀን ይህን ሲያስረዳኝ «ጥሩ ነው» ብዬ አለፍኩት። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ወንድምሽ የሚያውቀው «ወደቅኩ» ጓደኛ የሚመጣበት ቃል ነው። ሞቶ እንኳ መታወቂያውን ይዘው ይመልሱታል። አባትሽ ከፆረና ይዘውት የመጡት ቃል እንዲህ አይደለም።

ሌላም በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ። «ሰፈሩ ሲፈርስ አራብሳ ገቡ» ብለሻል። ዶሮ ማነቂያ የነበረውን ኑሮ አንቺም ታውቂዋለሽ። ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ ደብተሩን ወርውሮ ይወጣል፤ ጓደኛው በር ላይ ነው። ማንም ማንንም ደውሎ አይጠራም። አሁን ከአራት ኪሎ አራብሳ ታክሲ ቀያይሮ፣ ተሰልፎ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ይህን በየቀኑ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ እነዚህ ልጆች የሚገናኙበት በር ያ ደሴት ሆነ። «ጥላችሁኝ አትሂዱ» ያለው ጌሙ ውስጥ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ጓደኞቹ በእውነትም ሄደዋል። አንቺ «ይቅርበት ወይ?» ስትዪኝ ከጌሙ ጋር ምን አብሮ እንደሚሄድበት አስቢበት።

እንግዲህ ምን ላድርግ ላልሽው።

መጀመሪያ ወደ አባትሽ ሂጂ። ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ሻይ ይዘሽ፣ እዚያው በረንዳ ላይ። «ለምን ሰበርከው?» አትበያቸው። «አባዬ፣ ያን ቀን የረበሸህ የጮኸው ቃል ነው አይደል?» በያቸውና ዝም በይ። ካወሩ ስሚ፤ አታቋርጪ፣ አታጽናኚ። ካላወሩም አትጎትጉቻቸው። 27 ዓመት በሆዳቸው የያዙትን ነገር በአንድ ሻይ አያወጡትም። ከዚያ በጌሙ ውስጥ «ወደቅኩ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ንገሪያቸው። «ጓደኞቹ እንዲያነሡት ነው የጠራቸው፤ ደግሞም አነሡት» በያቸው። ይህን ማወቃቸው ብቻ የሆነ ነገር ያቀልላቸዋል ብዬ አምናለሁ።

እግረ መንገድሽን እንቅልፋቸውን ተመልከቺ። ሌሊት በቅዠት የሚነሡ ከሆነ፣ በትንሽ ድምፅ የሚደነግጡ ከሆነ፣ ከሰው እየሸሹ ከሄዱ፣ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። «አማኑኤል» የሚለው ስም በከተማችን ሰው እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ስንት ሰው በዚህ ፍርሃት ብቻ ሕመሙን ይዞ ቤቱ እንደተቀመጠ ሳስብ ያመኛል። ጦርነት አይቶ መረበሽ እብደት አይደለም፤ የሚታከም ነገር ነው። አማኑኤል ከከበዳቸው ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና አለ። አንቺ አብረሻቸው ሂጂ። ወረፋ ላይ ብቻቸውን አትተያቸው።

ወንድምሽንም አናግሪው፤ ግን ከአባትሽ በኋላ። እስካሁን እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ አባቱ ያለ ምክንያት ተነሥቶ ስልኩን ሰበረበት። ሦስት ሳምንት ይህን ይዞ ነው የሚዞረው። ስለ ርችቱ ንገሪው። ለምን በር እንደሚዘጋ ጠይቆ ያውቃል? ስለ ፆረና የምታውቂውን ያህል ንገሪው። «አንተ ጥፋት የለብህም፤ አባዬም አንተን ሊጎዳ አልነበረም፤ ቃሉን ከሌላ ሰው ሰምቶት ነበር» በይው። የ16 ዓመት ልጅ ይህን ይረዳል። ይልቅ ጸጸት እንዳይጫንበት ተጠንቀቂ። «አንተ ነህ አባቴን ያሳመምከው» የሚል ነገር ከእናትሽም ከአንቺም እንዳይወጣ።

ስልኩን አሠሪው። ግን ገንዘቡን ሰጥተሽ አትላኪው። አባትሽ ይዘውት እንዲሄዱ ጠይቂያቸው። በኛ ቤት አባት ልጁን «ይቅርታ» ማለት እንደሚከብደው የታወቀ ነው፤ አፍ ላይ አይመጣም። አብሮ ስልክ ማሠራት ግን ይቻላል። ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገው ፒያሳ በእግራቸው ይውረዱ። ፊት ለፊት ተቀምጦ «እንነጋገር» ከመባባል ጎን ለጎን መሄድ ይቀላል። ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ መኪናው፣ መንገደኛው፣ ሁሉም ወሬ ይሆናል። ዶሮ ማነቂያ የነበረበትም ጋ ይደርሳሉ። ልጁ ያለ ጥርጥር «ይሄ የነእገሌ ቤት ነበር» ይላል። ያኔ አባትሽ ልጃቸው ምን እንዳጣ ያያሉ። መስታወቱ እስኪቀየር የሚቆዩበት አንድ ሰዓትም ትንሽ አይደለም።

አሁን የቤቱ ሥርዓት። ልቅ ይሁን እያልኩሽ አይደለም።

አንደኛ ነገር ኢርፎን። ይህን ቅጣት አድርገሽ አታቅርቢው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይመርጡታል፤ የጠላት ኮቴ ከግራ ይሁን ከቀኝ የሚለየው በኢርፎን ነው። ድምፁንም ለራሱ ቡድን ብቻ እንዲያደርገው ንገሪው፤ የማያውቃቸው ሰዎች ስድብ ጆሮው አይግባ። ቦታውን ደግሞ ከአባትሽ መኝታ ቤት ግድግዳ ያርቀው።

ሁለተኛው ቃሉ ነው። ኢርፎን ተኩሱን ይከለክላል፤ የሱን ጩኸት ግን አይከለክልም። ስለዚህ ልጆቹ ቃሉን ይቀይሩት። «ወደቅኩ» ማለት ይተዉና ሌላ ነገር ይበሉ። «ቀይ ነኝ» ይበሉ፣ የሰፈራቸውን የድሮ ቅጽል ስም ይጥሩ፣ እነሱ ይምረጡ። ልጆች የራሳቸውን ቋንቋ ሲፈጥሩ አንድ ቀን አይፈጅባቸውም። አራቱም ምክንያቱን ያውቁ ዘንድ ወንድምሽ ራሱ ይንገራቸው። እነዚያ ልጆች አባትሽን ያውቋቸዋል እኮ። በር ላይ ስንት ጊዜ ሰላም ብለዋቸው አልፈዋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ «አንድ ሰዓት ብቻ» አትበዪው፤ በዙር ቁጠሪለት። ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽ እዚህ ጋ ነው። መሐል ላይ «እራት ቀርቧል፣ ና!» ስትሉት ጓደኞቹን ጥሎ እንዲሄድ ነው የምትጠይቁት። ሦስቱ እዚያ ሲቸገሩ እሱ እንጀራ ሊቆርስ። ለዚህ ነው «እሺ፣ እሺ» እያለ የማይመጣው። ጥጋብ አይምሰልሽ። «ከእራት በፊት ሁለት ዙር፤ ሁለተኛው ሲያልቅ ትነሣለህ» ከተባለ ግን ምክንያት የለውም። እራት ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ንገሪው፤ አዲስ ዙር አይጀምርም። የትምህርት ቀን ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልኩ ሳሎን ይደር። በዚህ አትደራደሪ። እስከ ስድስት ሰዓት ያመሸ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ አካሉ እንጂ አእምሮው የለም።

ደግሞ ለምን ማታ ማታ እንደሆነ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ብዙ ልጆች የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ ብቻ ነው የሚያመሹት። የአራብሳዎቹም እንደዚያ ከሆኑ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጫወቱበት የቀን ዳታ ብትሞዪላቸው የሌሊቱ ነገር ግማሹ ይቀላል።

ስለ ሱስ። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ዝርዝሩ ከ2022 ጀምሮ ይሠራበታል። መለኪያው ስንት ሰዓት ተጫወተ አይደለም። መቆጣጠር አቅቶታል ወይ? ጌሙ ከምግብ፣ ከትምህርት፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞበታል ወይ? እየጎዳው እያየ ይቀጥላል ወይ? ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል የዘለቀ መሆን አለበት። ወንድምሽ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የሚጫወተው ከሚወዳቸው ሦስት ልጆች ጋር ነው። አሁን አምሽቶ የሚገባውም ከጌሙ ይልቅ ከቤቱ ዝምታ እየሸሸ ይመስለኛል። ስልኩ ተሠርቶ፣ ሥርዓቱ ተቀምጦ፣ ከአባቱ ጋር ታርቆም ማቆም ካቃተው፣ ያኔ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ። አልንቀውም።

ሰው ይጎዳል ወይ ላልሽው፣ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ጥናቶቹን ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2020 አቋሙን በድጋሚ አስታውቋል። የጦርነት ጌም ከመጮህና ከመገፋፋት ጋር ትንሽ ግንኙነት እንዳለው ይናገራል። ከከባድ ወንጀልና ከዓመፅ ጋር የሚያያይዘው በቂ ማስረጃ ግን የለም ይላል። ስለዚህ ጩኸቱን ተቆጣጠሪ፤ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል ብለሽ ግን ሌሊት አትባንኚ። ጌሙ በአሜሪካ የዕድሜ ደረጃ የተፈቀደው ከ17 ዓመት ጀምሮ መሆኑንም ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ወንድምሽ አልደረሰም። ወላጆችሽ «እስከዚያ ይቅር» ካሉ መብታቸው ነው፤ ቁጭ ብለው፣ ምክንያቱን ነግረውት ይወስኑ። በግድግዳ የተሰበረ ስልክ ግን ውሳኔ አይደለም። እኔ ብሆን በሥርዓት እንዲቀጥል እፈቅድለት ነበር፤ ጓደኞቹን ለሁለተኛ ጊዜ እንዳያጣ ስለምሳሳለት።

ትምህርቱን በተመለከተ የናንተ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የሚመጣው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹን ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም አንረሳውም። ከ5ኛ ወደ 14ኛ ሲወርድ የትኛው ትምህርት እንደጣለው ለይታችሁ ያዙ። ሒሳብ ከሆነ ከአራቱ ልጆች አንዱ ይችል ይሆናል። ያው ቡድን እሁድ ጠዋት በስልክ አብሮ ሒሳብ ቢሠራ ምን ይከለክለዋል?

እናትሽን ደግሞ አትጋፊያቸው። ጠበል ልውሰደው ማለታቸው ልጄን ላድን ማለታቸው ነው። እሱ ካልጠላ ይሂድ። አባትሽም ፈቃዳቸው ከሆነ አብረው ይሂዱ፤ ጠበሉ ሐኪም ጋ ከመሄድ አይከለክልም። «ሰይጣን አለበት» የሚለውን ቃል ግን ልጁ ፊት ባይናገሩት። የልጁ ጓደኞች ድምፅ ከዚያ ስልክ ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ሰይጣን የተባሉት እነሱ ይመስሉታል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስልኩ ከተሠራ በኋላ ሦስቱን ልጆች ለምሳ ጥሪያቸው። ቅዳሜ ይሁን፣ አባትሽ ቤት ያሉበት ቀን። ያቺን ቃል ሲጮኹ የሚሰሟቸው ድምፆች ፊት ይኑራቸው። ማን እንደሚሮጥ፣ ማን እንደሚያነሣ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚወድቅ ልጆቹ ራሳቸው ይንገሯቸው። አባትሽ ከፈለጉ ይጠይቃሉ፤ ካልፈለጉም ወጥ እየጨመሩላቸው ይቀመጣሉ። የትራንስፖርታቸውን ቀድመሽ ላኪላቸው፤ ከአራብሳ አራት ኪሎ ሩቅ ነውና በጠዋት ይነሡ በያቸው።